ለገና ጢስ ዓባይ ብንሄድ ውሃ እናገኛለን?

ጥያቄው፦ «የምጽፈው ከሜሪላንድ ነው። ለገና አገር ቤት እንገባለን፤ ባሕር ዳር ላይ ሦስት ቀን አለን። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ልጆቼ 13 እና 8 ዓመታቸው ነው። እናቴ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ በወጣትነቷ አይታው እስከ ዛሬ ታወራለታለች፤ ለልጆቹ ማሳየት ትፈልጋለች። ዘመዶቻችን ግን ‹ደርቋል፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ› ይሉናል። እውነት ደርቋል? ወደ ገደሉ ውስጥስ መውረድ ይቻላል? ወይስ ቀኑን ለጣና ገዳማት ብንሰጠው ይሻላል?»

ምላሽ፦

ዘመዶችዎ አልዋሹም፤ እነሱ በሄዱበት ቀን ያዩትን ነው የነገሩዎት። በመስከረም መጨረሻ የሄደ ሰው ደግሞ ከመንደሩ ሳይወጣ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ እንደተሰማው ይምልልዎታል፤ እሱም አልዋሸም። ጢስ እሳት የሚባለው ይኸው ፏፏቴ ዛሬ በሁለት ነገር ይወሰናል። አንዱ ዝናብ ነው፣ ሌላው በር ነው። ጎብኚ ሁሉ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፤ ስለ በሩ የሚጠይቅ ግን ብዙም አላጋጠመኝም።

እኔ የውሃ ሀብት ባለሙያ ነኝ። ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት አንሥቶ እስከ ፏፏቴው ድረስ ያለውን ፍሰት ስለካ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ስለዚህ መልሴ የአስጎብኚ መልስ አይሆንም፤ ትንሽ ሊያስከፋዎትም ይችላል። ለገና ሄዳችሁ በድሮዋ የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የነበረውን ፏፏቴ ለማየት ካሰባችሁ ይቅርባችሁ። ጠባቡን ገደል፣ የአፄ ሱስንዮስን ድልድይና በጥቁሩ ዐለት ላይ የሚወርደውን ቀሪ ውሃ ለማየት ከሆነ ግን ሂዱ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማልዳችሁ ከተነሣችሁ ለምሳ ትመለሳላችሁ። ገዳማቱን ለማግስቱ አድርጓቸው፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

አሁን ውሃው የት እንደገባ ልንገርዎት። ልጆቹ መጠየቃቸው አይቀርም፤ እናትዎም ቢሆኑ «እኔ ያየሁት ይህን አይደለም» ማለታቸው አይቀርም።

«ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረት ለጣና መውጫ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። በ1988 ዓ.ም. ገደማ ባሕር ዳር አጠገብ፣ ጨራ ጨራ በሚባለው ቦታ፣ ወንዙ ከሐይቁ በሚወጣበት አፍ ላይ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። መጀመሪያ ሁለት በር ነበረው፤ በ1993 ዓ.ም. አምስት ተጨምረው ሰባት ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ዓባይ ማደሪያም በርም አለው። ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚሰፋ ውሃውን አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርጎ መያዝ ማለት 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ማስቀመጥ ማለት ነው። በሩን የያዘ ሰው ክረምት የመጣውን ውሃ ለበጋ ያቆየዋል። ለመብራት ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ለፏፏቴው ግን የሞላ ጎርፉን መቀማት ሆነበት።

ሁለተኛው ነገር የኃይል ማመንጫው ነው። ከፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው፤ አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ስለነበር የሚወስደው ውሃ እምብዛም አይታወቅም ነበር። እናትዎ በወጣትነታቸው ያዩት ይህ ትንሹ ጣቢያ እያለ የነበረውን ፏፏቴ ነው። ጉዳዩ የተለወጠው በ1993 ዓ.ም. ከ70 ሜጋ ዋት በላይ የሚያመነጨው ሁለተኛው ጣቢያ ሲመጣ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ውሃው ከፏፏቴው አፋፍ በላይ ባለው ቦይ ይጠለፋል፣ በቱቦ ወርዶ ተርባይኑን ያዞራል፣ ከፏፏቴው በታች ተመልሶ ወንዙን ይቀላቀላል። ከወንዙ አንዲት ጠብታ አልጠፋችም፤ በገደሉ መዝለሉ ቀርቶ በደረጃ እንደ መውረድ ነው። ኃይል ማመንጫ የሚፈልገውም ፏፏቴ የሚፈልገውም ያንኑ ቁልቁለት ስለሆነ ሁለቱ ከመጀመሪያውም ሊስማሙ አይችሉም ነበር።

ሦስተኛውና ትልቁ በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ ነው፤ 460 ሜጋ ዋት። ይህኛው ውሃውን ከሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከቁንዝላ በኩል በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ያወርደዋል። በለስ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ወደ ሱዳን ድንበር ሲቃረብ ዓባይን ይቀላቀላል። አሁን ሒሳቡን ይመልከቱ። ጣና በተፈጥሮው ለዓባይ የሚሰጠው በዓመት ሲካፈል በሰከንድ 120 ሜትር ኩብ አካባቢ ነው። በለስ እንዲወስድ የታቀደለት በአማካይ 77 ነው። ከሦስት እጅ ሁለቱ ጢስ ዓባይን ሳያይ በሌላ በር ወጣ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የጢስ ዓባይ ሁለት ጣቢያዎች በአብዛኛው ተጠባባቂ ሆነዋል።

እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። «ፏፏቴውን ገደሉት» ይባላል። እኔ መብራት በሌለበት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በሩን የዘጋውን ሰው ለመርገም አፌ አይፈታም። የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው፦ ውሃው በአብዛኛው መሄዱ እየታወቀ ጎብኚው በመስከረም ፎቶ ተጠርቶ በመጋቢት መወሰዱ። እንግዳን ያላዘጋጁትን ድግስ መጥራት ነውር ነው።

እንግዲህ ወደ ወራቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሐምሌ ዝናብ ስለሆነ ፏፏቴው ያኔ የሞላ ይመስለዋል። ጣና ግን እንደ ገንቦ ነው፤ መጀመሪያ ራሱ መሙላት አለበት። ሐይቁ በዓመቱ ዝቅ የሚለው ሰኔ ላይ ነው፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ይሞላዋል፣ ጫፍ የሚደርሰው መስከረም ላይ ነው። ስለዚህ ሐምሌ ላይ እርስዎ በዝናብ በስብሰው ፏፏቴው ሲንጠባጠብ ሊያዩት ይችላሉ፤ መስከረም አጋማሽ ላይ ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ፣ መስኩ አደይ አበባ ለብሶ፣ ውሃው ከአፋፉ ሊፈስስ ይችላል። ከአዲስ ዓመት እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል። በክረምት ውሃው ደፍርሶ ቡናማ ሆኖ ካዩት ደግሞ አይገረሙ፤ ያ ቀለም ከሐይቁ ሳይሆን በአብዛኛው በመንገድ ላይ ከሚቀላቀሉት ከእንዳሳና ከመሰሎቹ ወንዞች የሚመጣ የገበሬው አፈር ነው።

ገና ከዚህ በሦስት ወር ይርቃል። በታኅሣሥ መጨረሻ ሐይቁ ገና አልጎደለም፤ የሚለቀቀው ግን በልክ ነው። ፏፏቴው ሲሞላ እስከ 400 ሜትር ይሰፋል፣ ከፍታው ከ37 እስከ 45 ሜትር ይገመታል፤ ሲቀንስ ደግሞ በአራት ጅረት ይከፈላል። ለገና ልትጠብቁ የሚገባችሁ ከአራቱ አንዱን ወይም ሁለቱን ነው። እንዲያውም ከመነሣታችሁ በፊት በነበረው ቀን አንድ ስልክ ደውሉ። የሆቴሉን እንግዳ ተቀባይ አትጠይቁ፤ እሱ «በጣም ቆንጆ ነው» ይላችኋል። ጢስ ዓባይ መንደር ውስጥ የሚኖር ሰው፣ ጀልባ ቀዛፊም ቢሆን፣ በዘመድ በኩል ፈልጉና እንዲህ በሉት፦ «ዛሬ ጠዋት ስንት ጅረት ይወርዳል?» ቁጥር ከነገራችሁ እመኑት። በዚያው አፍ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ በአማራ ክልል ባለፉት ዓመታት የነበረውን እርስዎም ያውቁታል። በዚህ ጉዳይ የሦስት ወር ወሬ አይሠራም፤ የዕለቱን የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ብቻ ነው።

አሁን ስለ ገደሉ፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ጢስ ዓባይ የምሄደው ለእሱ ነው።

ሰው ፏፏቴውን አይቶ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። ወንዙ ከወደቀ በኋላ የት እንደሚገባ ዞር ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። ከላይ፣ ከአፋፉ በፊት፣ ዓባይ ሰፊና ሰነፍ ወንዝ ነው፤ ደንገል መሃል ይንፏቀቃል፣ አንዳንዴ ጉማሬ ይታይበታል። ከወደቀ በኋላ ግን ያ ሁሉ ስፋት ተጨምቆ በጥቁር ዐለት መካከል ወዳለ ስንጥቅ ይገባል። ዐለቱ ባዛልት ነው፤ በጂኦሎጂ አቆጣጠር ትናንት ሊባል በሚችል ጊዜ የፈሰሰ የቀለጠ ድንጋይ። ጣናንም እንዲህ ያለው ፍሳሽ ደቡቡን ዘግቶ ሐይቅ እንዲሆን እንደረዳው ይታመናል። የቀለጠ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ውሃ ደግሞ ስንጥቅ ይወዳል። ከሥር ሲቦረቡረው ከላይ ያለው ዐለት በትልልቁ እየተገነጠለ ይወድቃል፣ ፏፏቴው አንድ እርምጃ ወደ ላይ ያፈገፍጋል፣ ከኋላው የሚተወው ያንን ጠባብ ገደል ነው። ጢስ እሳት ወደ ጣና እየተጓዘ ያለ ፏፏቴ ነው ብትሏቸው ለልጆቹ ውሸት አይሆንም። ወደ ታች ደግሞ ይኸው ገደል እየጠለቀ ሄዶ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል አገር የሚከፍል ሸለቆ ይሆናል። እዚህ የምታዩት የእሱን ጅማሬ ነው።

ለ13 ዓመቱ ልጅ አንድ ነገር ልጨምር። ፏፏቴው ለዓሣ ግድግዳ ነው። ከታች ያለ ዓሣ 40 ሜትር ዘሎ ጣና አይገባም። በዚህ ምክንያት የጣና ዓሦች ለብቻቸው ቀርተው ባርበስ ከሚባለው ወገን በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያዎች እዚያው ተፈጠሩ። ውሃ ሲቀንስ የጎብኚው ዓይን ይከፋል እንጂ ግድግዳው እንደቆመ ነው።

ወደ ገደሉ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ፤ ቤተሰቡን ለሁለት ከፍላችሁ ብትሄዱ እመክራለሁ።

ረጅሙ መንገድ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ወደ ድልድዩ ይወርዳል። ድንጋያማ የእግር መንገድ ነው፤ ሲወርዱ ጉልበት ይፈትናል፣ ስለዚህ ለእናትዎ አይሆንም። ልጆቹንና እርስዎን ግን በዚህ ሂዱ። ጠዋት ከሄዳችሁ ብቻችሁን አትሆኑም። አንድ ጠዋት ድልድዩ ላይ ቆሜ ፍሰት የምለካበትን ገመድ ስፈታ አንዲት ሴት ጤፍ የጫነች አህያ እየነዱ መጡ። አህያይቱ ድልድዩ መግቢያ ላይ ቆማ ጆሮዋን አቀናች፤ ከሥር የሚመጣውን ድምፅ እየሰማች ነበር። ሴትዮዋ አልመቷትም። አንገቷን መታ መታ አድርገው «ነይ፣ የለመድሽው ነው» አሏትና ቀድመው ተሻገሩ፤ አህያይቱም ተከተለች። ድልድዩ ለእኛ ታሪክ ነው፤ ለእሳቸው የገበያ መንገድ ነው። ዕድሜው 400 ዓመት ገደማ ነው።

አስጎብኚው «የፖርቱጋል ድልድይ» ይላችኋል። በ1626 እ.ኤ.አ. ያሠሩት አፄ ሱስንዮስ ናቸው። የዘመኑ ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ሚስዮናዊ) ጸሐፊ ማኑኤል ደ አልሜዳ እንደመዘገበው ኖራ የሚሆን ድንጋይ በአቅራቢያው በአላታ ወንዝ ዳር ተገኘ፣ ሥራውን የመራውም ከካቶሊኩ ፓትርያርክ ከአፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከህንድ የመጣ ባለ እጅ ነበር። እንግዲህ ንጉሡ የእኛ፣ ባለ እጁ ከህንድ፣ ኖራው የአላታ፣ ድንጋይ ተሸካሚው የጎጃምና የበጌምድር ሰው፤ ስሙን ብቻ ፖርቱጋል ወሰደው። እንቁላል ተቀላቅሎበት ነው የጸናው የሚል ወሬም ትሰማላችሁ። እኔ የጸናው ቦታው በመመረጡ ነው ባይ ነኝ፦ ወንዙ ከሁሉ የጠበበበት፣ በሁለቱም ወገን ያልተሰነጠቀ ጽኑ ዐለት ያለበት ቦታ። መሐንዲስ ዛሬም ቢሆን ሌላ ቦታ አይመርጥም። ኖራን በውል የተማረው ያ ትውልድ ብዙም ሳይቆይ በሱስንዮስ ልጅ በአፄ ፋሲል ዘመን ጎንደርን ገነባ። ከድልድዩ ሥር ያለውን የኖራ መስመር ልጆቹ በጣታቸው ይንኩት፤ የፋሲል ግንብ ታናሽ ወንድሙ ነው።

ድልድዩ መሃል ላይ ቁሙና ወደ ታች ተመልከቱ። በታኅሣሥ ወንዙ በአንድ ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ያልፋል፤ ዐለቱ በውሃ ተልጎ እንደ ተወለወለ ጋን ይለሰልሳል፣ ጠጠር እየተሽከረከረ የቆፈራቸው ክብ ጉድጓዶች እንደ ሙቀጫ ተደርድረዋል። ከዚያ ዓይናችሁን በዐለቱ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሡ። ጥቁሩ ወደ ግራጫ የሚለወጥበት መስመር አለ፤ ከሱ በላይ ሣርና ቁጥቋጦ ይጀምራል። ያ የክረምቱ ውሃ የደረሰበት ነው። መሣሪያ ሳይኖረኝ የጎርፍ ከፍታ የማነብበው ከዚያ ነው። አሁን በምታዩት ውሃና በዚያ መስመር መካከል ያለው ርቀት የዓባይ ክረምት ነው፤ ለ8 ዓመቷም ሆነ ለ8 ዓመቱ ከማንኛውም ፎቶ ይልቅ ያ ይገባቸዋል።

ከድልድዩ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይወጣል፣ በሰፈር መሃል አልፎ ከፏፏቴው ፊት ለፊት ወዳሉት ማያ ቦታዎች ያደርሳል። ከዚያ በአላታ ወንዝ ላይ የተዘረጋውን ተንጠልጣይ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ፏፏቴው ሥር መቅረብ ይቻላል። ዙሩ በሙሉ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከልጆች ጋር ሁለት ሰዓት ያዙለት።

እናትዎ የሚሄዱት በሌላው በኩል ነው። ከፏፏቴው በላይ ዓባይን በሞተር ጀልባ ይሻገራሉ፤ ከዚያ ያለው መንገድ ሜዳ ስለሆነ በዱላ ቀስ እያሉ መሄድ ይችላሉ። ወንዙ ኃይለኛ ሲሆን ጀልባው ይቆማል፤ በታኅሣሥ ግን ይህ አያሳስብም። የውሃው መቀነስ ለእሳቸው የጠቀመው በዚህ ብቻ ነው። አንድ ሰው አብሯቸው ይሁን፣ የጀልባውም ዋጋ ከመሳፈር በፊት ይነገር።

ስለ ፏፏቴው ሥር አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህን አይርሱ።

ከዓመታት በፊት በየካቲት ከፏፏቴው በታች ወርጄ ፍሰት እለካ ነበር። ሰማዩ ጠርቷል፣ ዝናብ ከጠፋ ወራት አልፎታል። መጽሐፌንና የምሳ ቋጠሮዬን አንድ ጠፍጣፋ ዐለት ላይ አስቀምጬ ውሃው ጠርዝ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርሁ፤ ልማዴ ነው። ሥራ ላይ ሳለሁ ዞር ስል መስመሩ የለም። ጠመኔው የተነነ መሰለኝ። ከዚያ በዐለቱና በዳሩ መካከል የነበረው ደረቅ ጠጠር ውሃ እንደያዘ አየሁ፤ እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር፤ መሣሪያውን ስሰበስብ ጉልበቴ ደረሰ። ቋጠሮው ሄደ፣ እኔ ወጣሁ። ምንም ምስጢር የለውም። ያን ዕለት ከላይ ውሃ ይለቀቅ እንደሆነ ደውዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። ከጣና መውጫ የተለቀቀ ውሃ ሰዓታት ፈጅቶ ነው የሚደርሰው፣ ተርባይን ሲነሣ ደግሞ ከጣቢያው በታች ያለው ውሃ ወዲያው ከፍ ይላል። በሰፊ ወንዝ ላይ ይህ አይታወቅም፤ በጠባብ ገደል ውስጥ ግን ውሃው ወደ ጎን መሄጃ ስለሌለው ወደ ላይ ነው የሚያድገው። ስለዚህ በጠባቡ ገደል ውስጥ የሰማዩ መጥራት ዋስትና አይሆንም። ልጆቹ መሃል ወንዝ ወዳለ ዐለት አይዝለሉ፣ ምሳ እዚያ አይበላ፣ ከኋላችሁ ምንጊዜም ደረቅ መውጫ ይኑር። የአካባቢው አስጎብኚ «እንውጣ» ሲል ምክንያት አይጠየቅም፤ ይወጣል።

መዋኘትም የለም። ወንዙ ባይወስዳቸው እንኳ ቢልሃርዚያ በጣናና በአካባቢው ጅረቶች ያለ ነገር ነው። ወባም አለ፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስላለች ደጋ የምትመስለው ሰው አለ፣ አይደለችም። ወባው የሚበረታው ከክረምት በኋላ፣ ማለትም ፏፏቴው በሚያምርበት ወቅት ነው፤ ለገና ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። አሜሪካ ያደጉ ልጆች ስለሆኑ ከመነሣታችሁ በፊት ሐኪም ያማክሩ። ጫማ ሶሉ የሚነክስ ይሁን፤ ከፏፏቴው ሥር ያለው ድንጋይ በርጭቱ አረንጓዴ ለብሶ ሳሙና ነው። የሰፈሩ ልጆች በኮንጎ ጫማ ሲሮጡበት አይታችሁ አትታለሉ።

ከፏፏቴው ጀርባ መቀመጥ ይቻላል ወይ ብለው ልጆቹ ከጠየቁ የድሮ ክርክር ንገሯቸው። ኢየሱሳዊው ጀሮኒሞ ሎቦ በ17ኛው መቶ ዘመን ከሚወርደው ውሃ ጀርባ ገብቼ ተቀምጫለሁ ብሎ ጻፈ። በ1770 እ.ኤ.አ. የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ዝናብ ያበረታውን ወንዝ አይቶ «የማይሆን ነው» ሲል አብጠለጠለው። ያው ብሩስ ፏፏቴውን በእንጨት ለክቼ 40 ጫማ ሆነ ብሏል፤ 12 ሜትር ማለት ነው፤ ከሲሶው እንኳ አላለፈም። በሌላው ሰው ምስክርነት ላይ የጨከነውን ያህል በራሱ ልክ ላይ ቢጠራጠር ጥሩ ነበር። ለእኔ የሁለቱ ጠብ የወር ጠብ ይመስለኛል፤ አንዱ በጎደለ ሌላው በሞላ ጊዜ መጥተው ይሆናል። ልክ እንደ እርስዎ ዘመዶች። ቢሆንም አትሞክሩት።

ቀስተ ደመናውን ማየት ከፈለጋችሁ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉና የራሳችሁ ጥላ ወደሚያመለክትበት ርጭት ተመልከቱ። በሜዳ ላይ ፀሐይ ከፍ ካለች ቀስተ ደመና አይታይም፤ እዚህ ግን ከአፋፍ ወደ ገደል ቁልቁል ስለምታዩ ረፋዱ ላይም ይገኛል። ርጭት ከሌለ ቀስተ ደመናም የለም፤ እሱንም በጅረቶቹ ቁጥር ታውቁታላችሁ።

ለእናትዎ ግን ከባሕር ዳር ሳትነሡ፣ ቁርስ ላይ፣ ውሃው የት እንደሄደ ይንገሯቸው። ሳያውቁ አፋፉ ላይ ደርሰው ከሚደነግጡ አውቀው ቢያዝኑ ይሻላል። ያዩትን ለልጆቹ እንዲያወሩም ጊዜ ይስጧቸው፤ ዐለቱ የት ድረስ በውሃ ይሸፈን እንደነበር ከእኔ መሣሪያ በላይ እሳቸው በጣታቸው ያሳያሉ። ጀልባ፣ አስጎብኚና የሰፈሩ ልጆች የሚሸጡት ቅል ሁሉ በጥሬ ገንዘብ ስለሆነ ዝርዝር ብር ይያዙ።